ችካል

የሜትሩን አንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፤
ሌላውን ጫፍ ይዞ ቀደመኝ ቢያድግልኝ።
ከእንጅባራ ወዲያ፣ ቀርከሃው ሲያበቃ፣
ዝናቡ ሳያባራ፣ ጉሙ ገና ሳይነቃ።

ሥራው ቀላል ነበር ቢሮ ሲነገረን፦
"አንዱ የምርጫ ክልል ሁለት ይሁንልን።
ሕዝቡ ይመጣጠን፤ ወንዝ ካለ በወንዝ፣
ቋንቋ ካለ በቋንቋ፣ መስመሩ ይጓዝ።"
መመሪያው ሦስት ገጽ ነው፣ ማኅተም ያረፈበት፤
አራተኛው የለም።
ምናልባት እሱ ነው ስለ ሰው የሚያወራበት።

ወንዙ ግን በክረምት አልጋውን ይቀይራል፤
አምና በዚህ ሄዶ፣ ዘንድሮ በዚያ ያድራል።
ቋንቋውስ?
ወይዘሮ አንጓችን ደጇ ላይ አገኘናት፣
የዘሩን ድንች ከሚበላው ስትለይ።
ቀና አላለችልንም።
"ቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋ?" አለ መሐንዲሱ፤
ቅጹ ላይ አንዲት ሳጥን አለች።
"በስንት ሰዓት?" አለች።

"ላሚቱን በአዊኛ ነው፤ በአማርኛ ብጠራት ጆሮዋም አይዞር፤
ገበያ በአማርኛ፤ በሌላ አይሆንልኝም ብር መቁጠር።
ከባሌ ስንጣላ እኔ በእሱ ቋንቋ፣ እሱ በእኔ፤
በሰው አፍ ሲሳደቡ አይከብድም መሰለኝ ኩነኔ።
ስንታረቅ ዝም ነው።
ልጄ የሞተች ለት በምን እንዳለቀስኩ
አላስተዋልኩትም።
በል እንግዲህ፣ ጻፍ።"

መሐንዲሱ እርሳሱን ከምላሱ አስነካ፤
ሳጥኗ የምትችለው አንድ ምልክት ነው ለካ።

የባሏ ወንድም፣ አቶ ሽባባው ግን
"ይሰመር!" አሉ፣ ከዘራቸውን ተክለው።
"ወኪላችን ሲመጣ በአስተርጓሚ ነው የሰማኝ፤
አስተርጓሚው ቁጣዬን ትቶ ሰላምታዬን ነገረልኝ።
እኔ በራሴ አፍ የሚቆጣልኝ ሰው ነው የምሻው።"
እውነት ነው። ማን ይመልሳል?
"እሺ፣ በየት በኩል ይለፍ?" ሲባሉ ግን
ከዘራው ተነሳ፣
ወደ ልጃቸው ቤት ዞረ፣ ወደ አማቻቸው፣ ወደ አንጓች ጓሮ፣
ተመልሶም መሬት ወረደ።

ማታ በፋኖስ ቆጠርን።
በምሥራቅ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተረፈ።
ከአንዱ ጆንያ ወደ አንዱ እንደሚገለበጥ እህል
መሐንዲሱ መስመሩን በአውራ ጣቱ ገፋው።
ጣቱ ወፍራም ነው፤
የአንጓች ደጅ ወዲህ ሆነ፣ ጓሮዋ ወዲያ ቀረ፣
ዕድሯ ከነድንኳኑ ማዶ ተሻገረ፤
ድምፅ መስጫ ጣቢያዋም ከጋራው ጀርባ፣
በእግር ሁለት ሰዓት፣ ጭቃው ደህና ከሆነ።

ካርታው ላይ የመንደሩ ስም ሲጻፍ
መሃሉ ላይ ጝ አለች፣ ከአፍንጫ የምትነሳ።
ጸሐፊው ኮምፒውተሩን ቃኘ፣ ቃኘና
"ይቺ የለችም" ብሎ በ ን ተካት።
እኔ ዝም አልኩ።
አያቴ ቤቱን በቋንቋው ሲጠራ
የሚጀምረው በዚያች ፊደል ነበር።
ዝም አልኩ፤ አበል የሚፈረመው በማግስቱ ነው።

በጥቅምት ብቻዬን ተመለስኩ፣ ችካል ልቆጥር።
ሠላሳ ዘጠኝ አለ። አርባ አለ፣ ተጋድሞ።
አርባ አንደኛው የአንጓች ጓሮ ጥግ ነው፤
ቀዩ ቀለም ተልጧል፣ ገመድ ፈትጎት፣
በገመዱ ጫፍ አንድ ጥጃ።
ጥጃው የደረሰበትን ሁሉ ግጦ
ዙሪያውን ክብ ሠርቷል፤
ግማሹ ወዲህ ነው፣ ግማሹ ወዲያ።

"ነቅለሽ ተከልሽው እንዴ?" አልኳት።
"ኧረ እኔ አልነካሁትም፤ ያኔ የተከላችሁበት ነው ያለ።
ጥሩ እንጨት ነው" አለች፣
"አጥብቃችሁ ነው የመታችሁት።"